ውርጩን የዋጠው ዋይ አክሲስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚሆን ዳሽቦርድ በቻርት ጄኤስ (ድረ ገጽ ላይ ግራፍ በሚሥለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) እየሠራሁ ነው። የደብረ ብርሃንና የሸዋ ሮቢት ዕለታዊ ዝቅተኛ ሙቀት አለኝ፤ ወርኃዊ ዝናብም አለኝ። አራት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ውርጭ የጣለባቸው ቀናት አይታዩም፤ መስመሩ ታች ሲደርስ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ ከኢንተርኔት የወሰድኩት የአክሲስ ኮድ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሦስተኛ፣ ወሮቹን በአማርኛ ላድርግ ብዬ ኮልባክ (ጽሑፉን የሚቀይር፣ ላይብረሪው የሚጠራው ፋንክሽን) ስጽፍ 0፣ 1፣ 2 ይለኛል፤ በታይም አክሲስ ስሞክር ደግሞ ወሩ ይመጣል ግን ልክ አይመስለኝም። አራተኛ፣ ዝናቡንና ሙቀቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ዝብርቅርቁ ወጣ። ከየት ልጀምር?»

ሰላም ወንድሜ።

አራቱ ችግሮችህ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ቻርት ጄኤስ ዳታህን አይቶ የአክሲሱን፣ ማለትም የቻርቱን ጠርዝ መለኪያ፣ ሁለት ጫፎች፣ ከእሱ የሚነሱትን የመለያ መስመሮች ርቀትና ጽሑፎቹን በራሱ ያሰላል። አንተ የምትጨምረው ምርጫ ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ወይ ስሌቱን ይሽራል። ወይ ለስሌቱ ምክር ይሰጣል። ወይ ደግሞ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ጽሑፉን ብቻ ይቀይራል። እንደማየው መምከር ሲበቃህ ሽረሃል፤ መስመሩን ማንቀሳቀስ ሲገባህ ደግሞ ጽሑፉን ብቻ ቀይረሃል።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምርጫዎቹን ስም በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው። ኮድህ ላይ ስታስገባቸው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃላቱን አጋጥመህ፣ ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርጋት።

የምጀምረው ከሁለተኛው ጥያቄህ ነው፤ እሱ ካልተፈታ የቀረውን ሁሉ ብትጽፍ ላይብረሪው አይሰማህም።

የወሰድከውን ኮድ ሳላየው እገምታለሁ። «ስኬልስ» ውስጥ «ዋይ አክሲዝ» የሚል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የአሬይ ቅንፍ ይከፈታል። ልክ ነኝ? ይህ የሁለተኛው ቨርዥን አጻጻፍ ነው። ሦስተኛው ቨርዥን እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ሲወጣ ያ አጻጻፍ ቀረ፤ አራተኛው በ2022 መጣ። አሁን አሬይ የለም። ኤክስ አንድ ኦብጀክት ነው፣ ዋይ ሌላ ኦብጀክት ነው፣ ሁለቱም በቀጥታ «ስኬልስ» ሥር ይገባሉ። ብሮውዘርህ ላይ ኤፍ 12 ተጫንና ኮንሶሉን ተመልከት። «ዋይ አክሲዝ» ለተባለው ስኬል የተሰጠው ውቅር ትክክል አይደለም የሚል ቀይ መስመር ይጠብቅሃል። ቻርቱ ግን አይቆምም። ያንተን ኮድ ወደ ጎን ጥሎ በራሱ አክሲስ ይሥላል። ለዚህ ነው «ምንም ለውጥ አያመጣም» ያልከው።

በዚያው ሌሎች ስሞችም ተለውጠዋል። ድሮ «ሚን»፣ «ማክስ» እና «ቢጊን አት ዜሮ» የሚቀመጡት «ቲክስ» (የአክሲሱ ምልክቶችና ጽሑፎች) ውስጥ ነበር፤ አሁን ከ«ቲክስ» ወጥተው በቀጥታ አክሲሱ ሥር ይጻፋሉ። «ግሪድ ላይንስ» የነበረው «ግሪድ» ሆኗል። የአክሲሱ ስም «ስኬል ሌብል» ይባል ነበር፤ አሁን «ታይትል» ነው፣ ጽሑፉም «ቴክስት» በሚለው ሥር ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። «ታይትል» ሲፈጠር ጀምሮ የተደበቀ ነው። «ዲስፕሌይ» ብለህ «ትሩ» ካላልከው የፈለግኸውን ብትጽፍበት አይወጣም። ሚሊ ሜትር ነው ወይስ ዲግሪ የሚለውን አንባቢው የሚያውቀው ከዚያ ስለሆነ አትርሳው።

ጎግል ላይ ቀድሞ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ የድሮው ነው። ቻትቦት ብትጠይቅም ሁለቱን ቨርዥኖች ቀላቅሎ ሊሰጥህ ይችላል። ከመቅዳትህ በፊት አሬይ ካየህበት ተወው፤ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ ውርጩ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባቄላው አበባ ላይ ወይ እሸት ላይ እያለ አመዳይ ከጣለበት ምን እንደሚከተል ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንግዲህ ዳሽቦርድህን የሚከፍት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ቁጥር ከዜሮ በታች ያለው ነው። ቻርቱ የቆረጠበት ደግሞ እሱኑ።

ያደረግኸው «ሚን» ላይ 0 መጻፍ ይመስለኛል። «ሚን» ትእዛዝ ነው። ዳታው ምንም ይበል ምን አክሲሱ እዚያ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ከቻርቱ ሜዳ ውጭ ስለሚሆን ይቆረጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስሕተት የለም። መስመሩ ወደ ታች ሄዶ ይጠፋና ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ብቅ ይላል።

ምናልባት የፈለግኸው ዜሮ ቻርቱ ላይ እንዲታይ ብቻ ነበር። ለዚያ «ቢጊን አት ዜሮ» አለ። ስሙ «ከዜሮ ጀምር» ይበል እንጂ ሥራው ዜሮን አክሲሱ ውስጥ ማካተት ነው። ዳታህ ሁሉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ታችኛው ጫፍ ዜሮ ይሆናል። ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ካለ ግን አይቆርጠውም፤ አክሲሱ አብሮ ይወርዳል።

ለአንተ ሥራ ግን ከሁለቱም የተሻለው «ሰጀስትድ ሚን» እና «ሰጀስትድ ማክስ» ነው። እነዚህ ምክር ናቸው። ለደብረ ብርሃን ዝቅተኛ ሙቀት የታችኛውን 5 ከዜሮ በታች፣ የላይኛውን 15 በል እንበል። ዳታው በመካከል ካለ አክሲሱ ያንተን ምክር ይቀበላል። አንድ ሌሊት ሙቀቱ ከዚያም ቢወርድ ምክሩን ትቶ ዳታውን ይከተላል። ወር በወር አዲስ ቁጥር ለሚገባበት ዳሽቦርድ ከዚህ የተሻለ የለም። አክሲሱ በየወሩ አይዘልልብህም፣ ያልጠበቅኸው ውርጭም አይቆረጥብህም። «ለመጠንቀቅ» ብለህ «ሚን» ላይ 10 ከዜሮ በታች መጻፍ መፍትሔ አይደለም። አሁንም ትእዛዝ ነው፣ ያውም ግማሹን ቻርት ባዶ የሚያስቀር።

ቀጥሎ ዜሮዋ ላይ ያለችውን መስመር አድምቃት። በሁለተኛው ቨርዥን ለዜሮ መስመር ብቻ የተሰጠ የቀለም ምርጫ ነበር፤ አሁን የለም። በምትኩ «ግሪድ» ውስጥ ያለው «ከለር» ፋንክሽን ይቀበላል። ለፋንክሽኑ የሚመጣው ነገር ውስጥ «ቲክ» አለ፣ በእሱ ውስጥ «ቫልዩ» አለ። ቫልዩው 0 ከሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መልስ፣ ካልሆነ ፈዛዛ ግራጫ መልስ። «ላይን ዊድዝ»ም እንዲሁ ፋንክሽን ይቀበላል፤ ዜሮ ላይ 2፣ ሌላው ላይ 1። ሰው ቻርቱን ሲያይ ከዚያች መስመር በታች የወረደውን ወዲያው ይለያል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የዝናቡ ነገር ቀላል ነው። ዝናብ ከዜሮ በታች የለም፤ እዚያ «ሚን» ላይ 0 ብትል ማንንም አትጎዳም። በባር ከሣልከው ደግሞ እሱም አያስፈልግህም፤ ባር ቻርት በራሱ ዜሮን ያካትታል፣ ላይን ቻርት ግን አያካትትም። አንድ ሰው ዝናቡን በሎጋሪትሚክ አክሲስ አድርገው ቢልህ አትስማው። በጋ ላይ ዝናብ ዜሮ የሆነበት ወር ይኖርሃል፣ ዜሮ ደግሞ ሎግ የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄህ ሰፊ ነው። ጥርጣሬህ ልክ ነው፤ የሆነ ነገር ልክ አይደለም።

መጀመሪያ 0፣ 1፣ 2ን እናንሳ። የወር ስሞችን በዝርዝር ስትሰጠው አክሲሱ «ካታጎሪ» ይሆናል። በካታጎሪ አክሲስ ለኮልባክህ የሚላከው ስሙ ሳይሆን ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ያለበት ተራ ቁጥር ነው፣ እሱም ከ0 ይጀምራል። አንተ የመጣልህን እንዳለ መልሰሃል፤ እሱም እንዳለ ጻፈው። ስሙን ለማግኘት አክሲሱን ራሱን «ጌት ሌብል ፎር ቫልዩ» ብለህ ትጠይቀዋለህ። አክሲሱን የምትጠራው «ዚስ» ብለህ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ኮልባኩን በቀስት የሚጻፈው አጭሩ ፋንክሽን ካደረግኸው «ዚስ» አክሲሱ አይሆንም፣ ስሕተት ይመጣል። ሙሉውን «ፋንክሽን» የሚለውን ቃል ተጠቀም። ወይም ከነአካቴው ኮልባኩን ተወው። ስሞቹን በአማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ካስገባሃቸው እኮ ያለ ምንም ኮልባክ በአማርኛ ይወጣሉ። ለወርኃዊ ዝናብህ የምመክርህ ይህንን ነው።

አሁን ታይም አክሲሱ። ያደረግኸውን መገመት አያቅትም። ዕለታዊ ሙቀቱን በታይም አክሲስ ላይ አስቀመጥክ፣ መለኪያውን ወር አልከው፣ ከዚያ በኮልባክ የብሮውዘሩን የቀን ፎርማት ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» አድርገህ የወሩን ስም አወጣህ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ደረደረልህ። ያምራል። ግን ኮልባክ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀይረው። መስመሮቹ የቆሙት ላይብረሪው በሚያውቀው በፈረንጆቹ ወር መባቻ ላይ ነው።

2017 ዓ.ም.ን ውሰድ። መስከረም 1 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ኦክቶበር 1 ማለት መስከረም 21 ነው። ኖቬምበር 1 ጥቅምት 22፣ ዲሴምበር 1 ኅዳር 22፣ ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23። ስለዚህ ቻርትህ ላይ «መስከረም» የሚለው የተጻፈው መስከረም ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። «ጥቅምት» የሚለውም ጥቅምት 22 ላይ ነው የቆመው።

ጣጣው ይህ ነው። ውርጭ ጥቅምት 5 ሌሊት ጣለ እንበል። ነጥቧ የምታርፈው «መስከረም» ከሚለው መስመር በስተቀኝ፣ «ጥቅምት» ከሚለው በፊት ነው። ቻርቱን ያየ ሰው ሁሉ «መስከረም ላይ ውርጭ ነበር» ይላል። ዘንድሮ ባቄላውን መቼ እንዝራ ብሎ ለሚመክር ሰው ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም። ኮዱ ይሠራል፣ ስሕተት የለም፣ አማርኛው ልክ ነው፣ ቻርቱ ግን ይዋሻል። ከአራቱ ችግሮችህ የምፈራው ይህኛውን ነው፤ ሌሎቹ ቢያንስ ዓይን ላይ ይታያሉ።

መፍትሔው መስመሮቹን ራሳቸውን ማንቀሳቀስ ነው። አክሲሱ መስመሮቹን ሠርቶ ሲጨርስ የሚጠራልህ «አፍተር ቢልድ ቲክስ» የሚባል ፋንክሽን አለ። አክሲሱን ይሰጥሃል። አንተ በውስጡ ያለውን «ቲክስ» የሚለውን ዝርዝር አውጥተህ በራስህ ዝርዝር ትተካዋለህ። እያንዳንዱ «ቫልዩ» የያዘ ትንሽ ኦብጀክት ነው፣ ቫልዩው ደግሞ ወሩ የሚገባበት ቀን በሚሊሰከንድ።

ዝርዝሩን መሥራት የእኛ ካሌንደር ስለሆነ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 ትጀምራለህ፤ ለ2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024ን በ«ዴት ዩቲሲ» (ይህ በነጥብ ተለይቶ፣ «ዴት» በትልቅ ፊደል ጀምሮ፣ «ዩቲሲ» በሙሉ በትልቅ ፊደል ይጻፋል) አድርገህ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሚሊሰከንዱን ታወጣለህ። ከዚያ 30 ቀን፣ 30 ቀን እየደመርክ 12 ወር ትሄዳለህ። አንድ ቀን 86,400,000 ሚሊሰከንድ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ደምረህ የምታርፈው ጳጉሜን 1 ላይ ነው። ከዚያ 5 ቀን ጨምረህ ወደ ቀጣዩ መስከረም ትሻገራለህ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 6 ቀን። የፈረንጆቹን 28፣ 30፣ 31 አስበህ ብትመጣ ይህ እረፍት ነው። አዲስ ዓመት አንዳንድ ጊዜ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል ግን አትርሳ፤ የ2016 መስከረም 1 እንደዚያ ነበር።

እዚህ ድረስ ከመጣህ አንድ ነገር ልበልህ። ታይም አክሲሱ ምንም አይጠቅምህም። ታይም አክሲስ የቀን አዳፕተር የሚባል ተጨማሪ ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ያለሱ ቻርቱ አይነሳም። ጥቅሙ የፈረንጆቹን ወርና ሳምንት ማወቁ ነው፣ አንተ ደግሞ እሱን ጥለህ የራስህን ተክተሃል። ስለዚህ ኤክስ አክሲሱን «ሊኒየር» አድርገው። ቀኖቹን በሚሊሰከንድ ቁጥር ስጠው፣ እያንዳንዱን ነጥብ ኤክስና ዋይ ያለው ኦብጀክት አድርገህ። «ሚን» ላይ የመጀመሪያውን ቀን፣ «ማክስ» ላይ የመጨረሻውን ጻፍ። እዚህ ትእዛዝ መስጠት ትክክል ነው፤ ካልሰጠኸው ወደ ክብ ቁጥር ሊጠጋጋ ሞክሮ ጎንና ጎን ባዶ ቦታ ይተውልሃል። «ታይፕ» መጻፉንም አትርሳ፣ ላይን ቻርት ዝም ካልከው ኤክስን ካታጎሪ ያደርገዋል። አንድ ላይብረሪ ቀነስክ ማለት ከዞኑ ርቆ በደካማ ኔትወርክ ለሚከፍተው ሰው ገጹ ትንሽ ፈጠነ ማለት ነው።

ጽሑፉን በኮልባክ አሁን ማውጣት ትችላለህ፤ መስመሩ ቦታው ላይ ስለሆነ ጽሑፉ እውነት ይሆናል። ፎርማቱ ላይ «ታይም ዞን» ዩቲሲ በለው፣ ቀኖቹን የሠራኸው በእሱ ስለሆነ። ካልሆነ አሜሪካ ሆኖ የሚከፍት ሰው አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄድበታል። ነጥቡ ላይ ሲነኩት የሚወጣው ጽሑፍም ከኮልባክህ ጋር አይገናኝም። «ቱልቲፕ» ውስጥ ለ«ታይትል» የራሱን ኮልባክ ጻፍለት፤ ያለዚያ አማርኛ ቻርት ላይ የሚሊሰከንድ ቁጥር ብቅ ይላል።

«ቲክስ» ውስጥ «አላይን» የሚል አለ፤ «ስታርት» አድርገው። የወሩ ስም ከመስመሩ ተነስቶ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ወሩ ከዚህች መስመር ጀምሮ ነው የሚለው በግልጽ ይነበባል።

ጳጉሜን በአምስት ቀን ስፋት ውስጥ ስሟ አይገባም። ኮልባኩ ለእሷ ምን ይመልስ? «ነል» ከመለስክ ጽሑፉም መስመሩም ይጠፋል። ባዶ ጽሑፍ ከመለስክ መስመሩ ይቀራል፣ ጽሑፉ ብቻ ይጠፋል። ሁለተኛውን ምረጥ። ነሐሴ የት እንዳለቀ ይታያል። «አውቶ ስኪፕ»ንም ዝጋው፣ ቦታ ጠበበኝ ብሎ ወር እንዳይዘልልብህ።

በወርኃዊው የዝናብ ባር ላይ ደግሞ ጳጉሜን ሌላ ችግር አላት። የአምስት ቀን ዝናብ ከሠላሳ ቀን ዝናብ ጎን ሲቆም ዝናቡ በድንገት የቆመ ያስመስላል። እኔ ከነሐሴ ጋር ደምሬ «ነሐሴና ጳጉሜን» እላለሁ። ድምሩ አይጎድልም፣ ሰውም አይደናገርም። በቀን አማካይ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ገበሬው የሚያወራው ስለ ወሩ ዝናብ ስለሆነ አማካዩ ብዙም አይገባለትም።

እዚህ ላይ ከኮድ ውጭ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወርኃዊ ዝናቡ ከየት ነው የመጣው? ራስህ ከዕለታዊ መዝገብ በኢትዮጵያ ወር ደምረኸው ከሆነ መልካም። በፈረንጅ ወር ተደምሮ የመጣ ፋይል ከሆነ ግን የሴፕቴምበርን ድምር «መስከረም» ብለህ መሰየም አትችልም። አሥሩ የመጀመሪያ ቀናት የነሐሴና የጳጉሜን ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ክረምቱ ገና ያልወጣባቸው ቀናት። ዕለታዊው ካለ እንደገና ደምር። ከሌለ «ሴፕቴምበር» ብለህ ጻፈው፤ አማርኛ ስላልሆነ የሚቀየምህ የለም።

አራተኛው ጥያቄ፣ ዝናብና ሙቀት አንድ ላይ።

ሁለት ዋይ አክሲስ መክፈት ይቻላል። እያንዳንዱ ዳታሴት (ዝናቡ አንዱ፣ ሙቀቱ ሌላው) «ዋይ አክሲስ አይዲ» በሚለው የራሱን አክሲስ ይጠራል፤ እዚህ ላይ «አይዲ»ን ሁለቱንም ፊደል ትልቅ አድርግ። ለአክሲሱ ስም ስታወጣ በዋይ ፊደል ይጀምር። ላይብረሪው የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይገምታል። «ቴምፕ» ብትለው አንዳንዱ ቨርዥን አላወቅኩትም ብሎ ሊቆም ይችላል። የሚያስቀው «ሬይን» ብትለው ነው። በአር ስለሚጀምር የራዳር ቻርት ክብ አክሲስ ነው ብሎ ያስባል። ቦታውን፣ ግራ ወይ ቀኝ ብለህ፣ ከነገርከው ግን ስሙ ምንም ይሁን ይገባዋል።

ሁለቱን አክሲስ ግራና ቀኝ አቁመህ አንዱ ሌላው ላይ መሣል ግን ለአንተ ዳታ አልመክረውም። የዝናቡ ዜሮ ታች ወለሉ ላይ ነው። የሙቀቱ ዜሮ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ነው፣ ከሥሩ ውርጩ ስላለ። አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ዜሮ ማለት ነው። ያደመቅሃትን የውርጭ መስመር ሰው ከዝናቡ ባር ጋር አያይዞ ያነባታል። ዝብርቅርቅ ያልከው ይህንን ነው፤ ቀለም ብትቀያይር አይጠራም።

የተሻለ መንገድ አለ። ሁለቱንም አክሲስ ግራ አድርግና «ስታክ» በሚለው ላይ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ስጣቸው። ያኔ አንዱ ከሌላው በላይ ይደረደራል፤ ኤክስ አክሲሱን ይጋራሉ፣ ሜዳቸው ግን የየራሳቸው ነው። «ስታክ ዌይት» የቦታ ድርሻቸውን ይወስናል። ለሙቀቱ 2፣ ለዝናቡ 1 ብትል ሙቀቱ ሁለት እጅ ይይዛል። ላይኛውና ታችኛው ቁጥሮች ከተነካኩብህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ «ኦፍሴት»ን «ትሩ» አድርግ። በልግ ላይ ዝናብ መቼ እንደመጣ ታች ታያለህ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ስትወጣ የዚያን ሰሞን ሌሊት ሙቀት ታገኛለህ።

ይህን ከመረጥክ አንድ ማስተካከያ ይኖራል። ሁለቱ የሚጋሩት ኤክስ አንድ ስለሆነ ዝናቡም በሚሊሰከንድ መቀመጥ አለበት። የየወሩን ባር ወሩ አጋማሽ ላይ፣ 15ኛው ቀን ላይ አስቀምጠው። ባሩ በሁለት የወር መስመሮች መካከል ይቆማል።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ልጨምር፣ ሁለት ከተማ ስላልክ።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደህ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ደጋውን ትተህ ቆላ ገብተሃል፤ ጃኬትህን መንገድ ላይ ነው የምታወልቀው። ሁለቱን ከተሞች በሁለት ቻርት ጎን ለጎን ብታቆማቸው ግን ላይብረሪው ለእያንዳንዱ የራሱን ጫፍ ያሰላል። መስመሮቹ ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ይወዛወዛሉ። ቁጥሩን ያላነበበ ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት አየር አላቸው ብሎ ይሄዳል። «ሰጀስትድ» እዚህ አይበቃም፤ አንዱ ዳታ ምክሩን ሲያልፍ የዚያ አክሲስ ብቻ ይለጠጥና ከጎኑ ካለው ይለያያል። ከሁለቱም ከተሞች ዳታ በአንድነት ትንሹንና ትልቁን ፈልግ፣ ትንሽ ትርፍ ጨምር፣ ያንኑ ቁጥር ለሁለቱም «ሚን» እና «ማክስ» አድርገህ ስጥ። አዲስ ዳታ በገባ ቁጥር እንደገና ይሰላ እንጂ በእጅ የተጻፈ አይሁን። ለሸዋ ሮቢት ብቻ የሚሆን ቻርት ከሠራህ ደግሞ ዜሮን ማካተት አያስፈልግም። ዝቅተኛ ሙቀቱ ወደዚያ አይጠጋም፤ ግማሹ ቻርት ባዶ ይሆናል።

የፎንቱን ነገር ባጭሩ። ቻርት ጄኤስ የሚሥለው ካንቫስ ላይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይ ሌላ ፎንት ከኢንተርኔት እየጫንክ ከሆነና ቻርቱ ፎንቱን ከቀደመው፣ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ተለክቶ ይሣላል፣ ርቀቱም ይዛባል። ቻርቱን ከመፍጠርህ በፊት «ዶክዩመንት ፎንትስ ሎድ» (ሦስቱ ቃላት በትንሽ ፊደል፣ በነጥብ ተለይተው) ብለህ ጠብቀው። ሁለተኛውን ቦታ ባዶ አትተው፣ «መስከረም» የሚል ጽሑፍ አስገባበት። ብዙዎቹ ፎንቶች በፊደል ዓይነት ተከፋፍለው ስለሚመጡ የግዕዝ ፊደል ካላየ የግዕዙን ክፍል አያወርደውም። ስልክ ላይ ስሞቹ ከተጋጩ መስከ፣ ጥቅ፣ ኅዳ እያልክ አሳጥራቸው። «ማክስ ሮቴሽን»ን 0 አድርገው፤ አንገቱን አዙሮ የሚያነብ የለም።

መጀመሪያ አጻጻፉን ወደ አዲሱ ቀይርና ኮንሶሉ ጸጥ ማለቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ወደ ውርጩ እለፍ። ቀይ መስመር ከቀረ ጽሑፉን እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ፤ ስክሪንሹት አይደለም፣ ጽሑፉን። የቨርዥን ቁጥርህንም ጨምርበት።